በወረርሽኝ ጊዜ ራስን መጠበቅ፦ ከክትባት ዝግጅት እስከ ሕመም ቀን

በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጎዳው ምክር ስላልሰማ ሳይሆን የሰማውን ምክር ከመሃል ስለሚያቋርጠው ነው። አንደኛውን ዶዝ ወስዶ ሁለተኛውን ይተወዋል። በተከተበ በማግስቱ ማስኩን ያወልቃል። ክትባቱ ያመጣው ትኩሳት በሽታ መስሎት ይደነግጣል፤ በሽታው ሲመጣ ደግሞ «የክትባቱ ነው» ብሎ ከሰው ጋር ይውላል። ከታመመ በኋላም ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነዚህን ስህተቶች በየቦታቸው ለመዝጋት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ይለዩ። ክትባትና ንጹሕ አየር የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የክትባት ዋና ሥራ ቫይረሱ ቢይዝዎ እንኳ በሽታው እንዳይጠናብዎ ማድረግ ነው። ቫይረሱ መጀመሪያውኑ አፍንጫዎ ጋ እንዳይደርስ የሚያግዱት ግን ማስክና የተከፈተ መስኮት ናቸው። ጤናማ አኗኗር ደግሞ ሁለቱ ሳይበቁ ሲቀሩ ሰውነት የሚዋጋበት ስንቅ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው የኮቪድ-19 ናቸው፤ ኢንፍሉዌንዛ የሚለይበት ቦታ ሲኖር ተጠቅሷል። አዲስ ቫይረስ ሲመጣ የዶዙ ብዛትና በመካከሉ ያለው ጊዜ ይቀየራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከቀጠሮው በፊት

የጤና መረጃዎን በአንድ ወረቀት ይጻፉ

ከታቢው የሚጠይቅዎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከኋላዎ ሰልፍ አለ፤ በጥድፊያ መሃል የመድኃኒት ስም ይጠፋል። ከቤት ሲወጡ የሚከተሉትን ጽፈው ይያዙ፦

1. በየቀኑ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በየስማቸው፤ በተለይ ደም ማቅጠኛ፣ ስቴሮይድ፣ የካንሰር መድኃኒትና የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት።
2. ያለብዎት ነባር ሕመም፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም፣ ኤች አይ ቪ።
3. ከዚህ በፊት የደረሰብዎ አለርጂ፤ ከምን እንደመጣ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደጀመረ፣ በምን እንደታከመ።
4. እርግዝና ካለ ወይም ይኖራል ብለው ከጠረጠሩ።
5. የቀደሙ ክትባቶች ዓይነትና ቀን።

ክትባት የሚያስከለክለውና የማያስከለክለው

ብዙ ሰው በማያስከለክል ምክንያት ይቀራል። የአቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው የኮቪድ-19 ክትባት ከመውሰድ አይከለከልም። የሚያስከለክለው በዚያው ክትባት የቀደመ ዶዝ ወይም በውስጡ ባለ ንጥረ ነገር የደረሰ ከባድ የአለርጂ አደጋ ነው። በኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች፣ ማለትም በፋይዘርና በሞደርና፣ ውስጥ ፖሊኢትሊን ግላይኮል አለ፤ አሁን ከገበያ በወጡት በአስትራዜኔካና በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ውስጥ ደግሞ ፖሊሶርቤት 80 ነበር። በእነዚህ ተቆጥተው የሚያውቁ ከሆነ ስማቸውን ጽፈው ያሳዩ፤ ሌላ ዓይነት ክትባት ሊመረጥልዎ ይችላል።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። ለከታቢው ብቻ ይንገሩ፤ ቀጭን መርፌ ይጠቀማል፣ እርስዎም ቦታውን ሳያሹ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑታል። በደም ማቅጠኛ ምክንያት የሚመጣ እብጠት ይድናል፤ መድኃኒቱ በመቆሙ የሚመጣ የደም መርጋት ግን ይገድላል።

የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተለመደው የዶዝ ብዛት በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ክትባቱ ከመድኃኒቱ ዙር ጋር የሚገጥምበትን ጊዜም ሐኪሙ ነው የሚወስነው። ይህን ውይይት ለክትባት ጣቢያ አያቆዩት፤ ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያግኙ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህ ክትባት በሕይወት ያለ የተዳከመ ቫይረስ አለበት?» ካለበት በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። በአፍንጫ የሚረጨው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከዚህ ወገን ነው። የኮቪድ-19 ኤም አር ኤን ኤ ክትባቶችና በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በሕይወት ያለ ቫይረስ የለባቸውም። ኮቪድ-19 በነፍሰ ጡር ላይ ስለሚጠና ፍርሃት ብቻውን ማዘግያ ምክንያት አይሁን። የሚያጠቡ እናቶች ማጥባቱን አያቋርጡ።

በቀጠሮው ቀን ትኩሳት ካለብዎ ይመለሱ፤ እስኪድኑ ቀኑን ያዛውሩ። ትኩሳት የሌለው ቀላል የአፍንጫ ፈሳሽ ክትባቱን አያስከለክልም፤ ሆኖም ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ መጀመሪያ ይመርመሩ። ቫይረሱን ይዘው ሰልፍ ላይ ከቆሙ ለመከተብ የመጣውን ሰው ያስይዛሉ።

የዋዜማው ምሽት

በደንብ ይተኙ። በክትባት ሰሞን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሰውነታቸው ያመረተው ፀረ-አካል (በሽታን የሚዋጋ ፕሮቲን) ዝቅ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ጠዋት ቁርስ ይብሉ፤ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ። ባዶ ሆድ፣ ፍርሃትና ረጅም ሰልፍ ሲገናኙ ሰው ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በክትባቱ ያሳብባል። እጅጌው እስከ ትከሻ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ።

ጥንቃቄ፦ «እንዳያመኝ» ብለው ከመርፌው በፊት ፓራሲታሞል አይዋጡ። ሕመም ከመጣ በኋላ መውሰድ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የክትባቱ ቀን

1. ወረቀትዎንና የክትባት ካርድዎን ያቅርቡ። መርፌ ሲያዩ የመውደቅ ልማድ ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩና ተኝተው ይከተቡ።
2. ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የክትባቱ ስም ማን ነው? ቀጣዩ ዶዝ መቼ ነው? ከባድ ምልክት ካየሁ የት ልሂድ?
3. ብዙ የማይሠሩበትን ክንድ ይስጡ። በጡት ቀዶ ሕክምና ከብብትዎ ዕጢ የወጣልዎ ከሆነ የሌላውን ጎን ክንድ ይስጡ።
4. ክንድዎን ዘና አድርገው ያንጠልጥሉ። መርፌው የሚገባው በትከሻ ጡንቻ ውስጥ ነው፤ የተገተረ ጡንቻ በመርፌው ጊዜም በኋላም የበለጠ ያማል። መርፌው ከትከሻው አጥንት በጣም ቀርቦ ከተወጋ መገጣጠሚያውን ሊጎዳ ስለሚችል ልብስዎን ጎትተው ሳይሆን ትከሻዎን ሙሉ በሙሉ ገልጠው ያሳዩ።
5. ከተወጉ በኋላ ለ15 ደቂቃ እዚያው ይቀመጡ። ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ ደርሶብዎ ከሆነ 30 ደቂቃ ይቆዩ።

ይህ የ15 ደቂቃ ቆይታ የሚዘለል አይደለም። ከባድ የአለርጂ አደጋ እምብዛም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፣ መድኃኒቱ አድሬናሊን ደግሞ ክትባት ጣቢያው ላይ ነው ያለው። ታክሲ ውስጥ የለም።

በሚቆዩበት ጊዜ የሆነ ነገር ከተሰማዎ

ራስን መሳትና አለርጂ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ራሱን የሚስት ሰው ፊቱ ይነጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ጆሮው ይጮኻል፤ ጋደም ብሎ እግሩ ከፍ ሲልለት በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። አለርጂ ግን ሰውነትን ያሳክካል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ከንፈርንና ምላስን ያሳብጣል፣ ድምፅን ያጎረንናል፣ ደረትን ያፍናል፤ ሲጋደሙ አይተወዎትም። ሁለተኛውን ካዩ እጅዎን አንስተው ድምፅ ያሰሙ። «ትንሽ ልጠብቅና ልየው» አይበሉ።

ከመውጣትዎ በፊት ካርዱን ያንብቡ፦ የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። አንዱ ከጎደለ እዚያው ያስሞሉ። ካርዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ለቤተሰብዎም ይላኩ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

የክንድ ሕመም፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቀላል ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚጠበቁ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይለቃሉ። በኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ ከመጀመሪያው ይበረታሉ፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው አይደነግጥም። ምንም ያልተሰማው ሰውም «አልሠራልኝም» ብሎ አይስጋ፤ የሕመሙ መጠን የመከላከያው ልክ መለኪያ አይደለም።

የሚከተለውን ያድርጉ፦

1. ክንድዎን ያንቀሳቅሱት። ታቅፈውት ከዋሉ ይደርቃል።
2. በተወጉበት ቦታ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉ። አያሹት።
3. ውኃ አብዝተው ይጠጡ።
4. ሕመሙ ከበዛ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ከ1 እስከ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፉ። ከ50 ኪሎ በታች ከሆኑ ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ መጠኑ ያንሳል፤ የፋርማሲ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥንቃቄ፦ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው ሳያውቅ ከመጠኑ አልፎ ጉበቱን ይጎዳል። የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ። ቫይረስ ይዞታል ተብሎ ለሚጠረጠር ልጅም አስፕሪን አይስጡ፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል።

በተከተቡበት ክንድ በኩል ብብት ውስጥ ንፍፊት ሊወጣ ይችላል። ሰውነት ፀረ-አካል እያመረተ ስለሆነ ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን የጡት ምርመራ ካለብዎ ለመርማሪው መከተብዎን ይንገሩ።

የክትባቱን ትኩሳት ከበሽታው መለየት

ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍንጫ ፈሳሽና ማሽተት አለመቻል በመርፌ የሚሰጥ የኮቪድ-19 ክትባት ምልክቶች አይደሉም። ከነዚህ አንዱን ካዩ በሽታው ይዞዎት ሊሆን ይችላል፤ ይመርመሩ፣ ከሰው ይለዩ። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈም እንዲሁ ያድርጉ። የተወጉበት ቦታ መቅላትና እብጠት ከ24 ሰዓት በኋላ እየሰፋ ከሄደ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ።

በፍጥነት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከኤም አር ኤን ኤ ክትባት በኋላ ባለው አንድ ሳምንት የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መዛባት ከታየ የልብ ጡንቻ መቆጣት ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚታየው በወጣት ወንዶች ላይ ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ከባድ ስፖርት ቢቀንሱ የሚሻለው።

ከአስትራዜኔካ ወይም ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በኋላ፣ በተለይ ከ4ኛው ቀን እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ጽኑ የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም ቆዳ ላይ እንደ ነቁጥ የሚታይ የደም ምልክት ከመጣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃልዎ «በዚህ ቀን ይህን ክትባት ወስጃለሁ» ይሁን፤ ሕክምናው ከተለመደው የደም መርጋት ስለሚለይ ነው።

ሁለቱም እምብዛም የማይከሰቱ ናቸው። ኮቪድ-19 ራሱም የልብ ጡንቻ መቆጣትና የደም መርጋት ያመጣል፤ ሲመዘን ከባዱ የበሽታው ነው።

ደረጃ 4፦ እስከ ቀጣዩ ዶዝ

መርፌው ክንድዎ ውስጥ በገባ ሰዓት የተጠበቁ አይደሉም። ሰውነት በቂ መከላከያ ለማምረት 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከተከተቡ ሰዎች መካከል «ክትባቱ አስያዘኝ» የሚሉት ብዙዎቹ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ ወይም ሰልፉ ላይ ሳሉ የተያዙ ናቸው። ስለዚህ በነዚህ 14 ቀናት እንዳልተከተበ ሰው ይኑሩ።

ክትባቶቹ መጀመሪያ ሲሰጡ በሁለቱ ዶዞች መካከል የነበረው ጊዜ ለፋይዘር 21 ቀን፣ ለሞደርና 28 ቀን፣ ለአስትራዜኔካ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነበር። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በአንድ ዶዝ ተጀመረ። ቀኑ ይለዋወጣልና የካርድዎን ቀን ይከተሉ፤ የጎረቤትዎን አይከተሉ።

ቀኑ ካለፈብዎ፦ ባስታወሱበት ቀን ይሂዱ። ከመጀመሪያው ዶዝ መጀመር አያስፈልግም፤ ሰውነት የተማረውን ወዲያው አይረሳም። የሚጎዳው መዘግየቱ ሳይሆን «አልፎኛል» ብሎ መቅረት ነው።

ቀድመው መውሰድ ከፈለጉ፦ አይውሰዱ። በጣም የቀረበ ዶዝ የሚሰጠው መከላከያ ደካማ ነው፤ ላይቆጠርልዎም ይችላል።

በመሃል ከታመሙ፦ እስኪያገግሙና የለይቶ ማቆያ ጊዜዎን እስኪጨርሱ ይጠብቁ፤ ከዚያ ዶዙን ይውሰዱ። መታመም ሁለተኛውን ዶዝ አያስቀርም።

የመጀመሪያው ዓይነት ካለቀ፦ ጤና ባለሙያው በሌላ ዓይነት መቀጠል ይቻል እንደሆነ ይነግርዎታል። በራስዎ ሌላ ጣቢያ ሄደው፣ የመጀመሪያውን ደብቀው አይከተቡ።

ካርዱ ከጠፋ፦ ወደ ተከተቡበት ጣቢያ ይመለሱ፤ መዝገብ አለ። ፎቶ ያነሳ ሰው እዚህ ላይ ድካሙ ይቀልለታል።

ማጠናከሪያ ዶዝ ለምን? ከመያዝ የሚከላከለው አቅም በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ከጽኑ ሕመም የሚከላከለው የበለጠ ይቆያል። ቫይረሱም መልኩን ይቀይራል። ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ክትባቱ የሚታደሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነባር ሕመም ያለባቸውና የጤና ባለሙያዎች ማጠናከሪያውን ቀድመው ይውሰዱ። የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ-19 ክትባት በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል፤ በየተለያየ ክንድ ቢሆን ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ የሚተነፍሱትን አየር ማስተካከል

ቫይረሱ ሲያስነጥሱ በሚወጣው ትልልቅ ጠብታ ብቻ አይጓዝም። ስንናገር፣ ስንዘፍን፣ ስንተነፍስ የሚወጡ ደቃቅ ብናኞች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። አንድ መለኪያ ይያዙ፦ ክፍሉ ውስጥ ሌላው ሰው ሲጋራ ቢያጨስ ሽታው ይደርስዎታል? ከደረሰ ትንፋሹም ይደርስዎታል። የ1 ሜትር ርቀት ጥሩ ነው፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ ግን ብቻውን አያድንም።

አየር የማስለወጥ ቅደም ተከተል፦

1. ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን፣ ወይም አንድ መስኮትና አንድ በር ይክፈቱ። አየር የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ይፈልጋል።
2. መስኮቱ አንድ ብቻ ከሆነ ማራገቢያውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡ። ወደ ሰው ካዞሩት የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ያደርሳል።
3. ብርድ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከማድረግ ይልቅ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል በሰፊው ይክፈቱ።
4. እንግዳ ከሄደ በኋላም ክፍሉን ክፍት ያቆዩ፤ ሰውየው ቢወጣም ትንፋሹ ይቀራል።

ጥንቃቄ፦ ብዙ የአየር ማቀዝቀዣዎች የክፍሉን አየር መልሰው ያዞራሉ እንጂ ከውጭ አያስገቡም። አየሩ መቀዝቀዙን እንደ መጽዳት አይቁጠሩት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካለዎ ንባቡ ከ800 በታች እንዲሆን ይጣሩ።

ማስክ የሚከሽፍበት ቦታ

ማስክ የሚከሽፈው በጨርቁ ሳይሆን በጠርዙ ነው። ኤን95 የሚባለው ቢያንስ 95 በመቶ ደቃቅ ብናኝ እንዲያስቀር የተሠራ ነው፤ በጉንጭና በአፍንጫ ጎን ክፍተት ካለው ግን አየሩ በዚያ ይገባል። እንዲህ ያድርጉ፦ እጅዎን ይታጠቡ፤ ማስኩን ከአገጭ በታች እስከ አፍንጫ ድልድይ ያልብሱ፤ ሽቦውን በሁለት እጅ ጣቶች ወደ አፍንጫው ይጫኑ፤ ከዚያ በኃይል ይተንፍሱ። ዓይንዎ ላይ ነፋስ ከተሰማዎ ወይም መነጽርዎ ጉም ከያዘ ሽቦውን እንደገና ይጫኑ። የሕክምና ማስኩ ከጎን የሚከፈት ከሆነ ማሰሪያውን ከማስኩ ጥግ አጠገብ ቋጥረው ትርፉን ወደ ውስጥ ያጥፉ። ጺም የኤን95ን ጠርዝ ከፊት ያላቅቃል።

ሲረጥብ፣ ሲቆሽሽ ወይም ለመተንፈስ ሲከብድ ይቀይሩት። ለመናገር ብለው አገጭዎ ላይ አያውርዱት፤ ስንናገርም ቫይረሱ ይወጣል። ሲያወልቁ የፊቱን ክፍል ሳይነኩ በማሰሪያው ይያዙ።

ደረጃ 6፦ እጅና የሚነኩ ዕቃዎች

ይህ ከአየሩ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጉልበቱን ሁሉ እዚህ ላይ ጨርሶ መስኮቱን ይዘጋል።

እጅዎን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይሹ፤ የጣት መሃል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ይዘነጋሉ። ሳኒታይዘር ከሆነ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ ይሁን፤ እጅዎ እስኪደርቅ ይሹት፣ አይጥረጉት። እጅዎ በሚታይ ቆሻሻ ከተያዘ ሳኒታይዘር አይበቃም።

ሕመምተኛ ባለበት ቤት የበር እጀታ፣ ማብሪያ ማጥፊያና መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት፦ 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ለክተው 980 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጨምሩ። መጀመሪያ ዕቃውን በሳሙና ያጽዱ፤ ከዚያ ውህዱን ቀብተው ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ያቆዩ። የበረኪናው ጥንካሬ ከ5 በመቶ የተለየ ከሆነ ልኬቱ ይቀየራል፤ ጽሑፉን ያንብቡ። በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፤ ካደረ ይደክማል።

አደጋ፦ በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል፣ በተለይ ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ላይ አይርጩ።

ደረጃ 7፦ ሰውነትን ማዘጋጀት

የትኛውም ምግብ፣ ቅመም ወይም ትኩስ መጠጥ ቫይረሱን አይገድልም። ይህን በግልጽ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «እኔ ጤናማ እበላለሁ» ብሎ ክትባት የሚተው ሰው ብዙ ነው። ጥሩ አኗኗር የሚጠቅመው ጽኑ ሕመም የሚያመጡትን ነባር ችግሮች በመግታት ነው።

ከሁሉ በፊት የስኳርና የደም ግፊት ልኬትዎን ያስተካክሉ። ከፍ ያለ ስኳር ያለበት ሰው በቫይረሱ ሲያዝ ሕመሙ ይጠናበታል፤ ሕመሙ ራሱም ስኳሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። የአንድ ወር መድኃኒት ቤትዎ ይኑር፤ ወረርሽኝ ሲበረታ ከቤት መውጣት የማይቻልበት ሳምንት ይመጣል። ልኬትዎን በደብተር ይመዝግቡ።

ሲጋራ ያቁሙ። ጭስ የሳንባን ውስጠኛ ሽፋን የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮችን ያሽመደምዳል፤ እነሱ የሳንባ የመጀመሪያ በር ጠባቂዎች ናቸው።

እንቅልፍ ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት። እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ትንፋሽ እየጨመረ መናገር በሚያስችል ፍጥነት፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ደግሞ በሳምንት 2 ቀን። ዛሬ ምንም የማይንቀሳቀሱ ከሆነ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። አትክልትና ፍራፍሬ በቀን 400 ግራም ያህል፤ ጨው ከ5 ግራም በታች። ቫይታሚን የጎደለበት ሰው መተካቱ ይጠቅመዋል፤ ላልጎደለበት ግን እፍኝ ሙሉ እንክብል መከላከያ አይሆንም፣ ቫይታሚን ዲ ከበዛ ይጎዳል።

ደረጃ 8፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ከታመሙ

በኮቪድ-19 ከተያዙበት እስከ ምልክቱ ድረስ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል። ምልክት ሲጀምር፦

1. ወዲያው ከሰው ይለዩ። የራስዎ ክፍል፣ የተከፈተ መስኮት፣ ከክፍል ሲወጡ ማስክ። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱም ማስክ ያድርግ።
2. ይመርመሩ። የፈጣን ምርመራው ውጤት ነጻ ካለ አያምኑት፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገሙት። በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱ ለመሣሪያው የማይበቃ ሊሆን ይችላል።
3. ዕድሜዎ ከገፋ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ነባር ሕመም ካለብዎ በመጀመሪያው ቀን ለሐኪም ይደውሉ። የፀረ-ቫይረስ መድኃኒቶች ጊዜ አላቸው፦ የኮቪድ-19ኙ ኒርማትሬልቪር ከሪቶናቪር ጋር ምልክት ከጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ የኢንፍሉዌንዛው ኦሴልታሚቪር በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የበለጠ ይሠራል። ኒርማትሬልቪር ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ የመድኃኒት ዝርዝርዎን ያሳዩ፤ በደረጃ 1 የጻፉት ወረቀት እዚህም ያገለግላል።
4. አንቲባዮቲክ አይጀምሩ፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ኦክስጅን ላስፈለገው ሕመምተኛ ነፍስ አዳኝ ነው፤ ቀላል ሕመም ላለበት ግን የመከላከያ አቅሙን ያወርድበታል፣ ስኳሩንም ከፍ ያደርገዋል። ከጎረቤት ተበድረው አይዋጡ።

በቀን ሦስት ጊዜ የሚለኩ ነገሮች

ትኩሳት፣ የትንፋሽ ብዛት በአንድ ደቂቃ፣ እና መሣሪያው ካለ የደም ኦክስጅን። የጣት መለኪያውን ከመጠቀምዎ በፊት 5 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይረፉ፤ የጥፍር ቀለም ያጽዱ፤ እጅዎ ከቀዘቀዘ ያሙቁ፤ ቁጥሩ ሲረጋ ይመዝግቡ። ጤነኛ ሰው 95 እና ከዚያ በላይ ነው። 94 ወይም ከዚያ በታች ካነበቡ በዚያው ሰዓት ለጤና ባለሙያ ይደውሉ፤ ከ90 በታች ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ብሎ ሰውየው ቢያቃስት ሰውየውን ይመኑ። በየቀኑ እየወረደ የሚሄድ ንባብም ገና 95 ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል፦ ተቀምጠው ትንፋሽ ማጠር፣ በደቂቃ ከ30 በላይ መተንፈስ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም መጫን፣ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መገርጣት። ኮቪድ-19 ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ድንገት ይከፋል፤ በ5ኛው ቀን ተሻለኝ ብለው መለካቱን አያቁሙ።

ሲያገግሙ

የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ላለበት ሰው ምልክቱ ከጀመረ 10 ቀን መለየትን መክሯል፤ በፈጣን ምርመራ ነጻ የሆነ ቀድሞ መውጣት ይችላል። ወደ እንቅስቃሴ ሲመለሱ በቀስታ ይጀምሩ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል የእግር ጉዞ ብቻ። በማግስቱ ድካሙ ከባሰ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ግማሹን ይሥሩ። ደረት ካመመዎ ወይም ልብ ከደለቀ ስፖርቱን አቁመው ይታዩ።

የተያዙበትን ቀን ክትባት ካርድዎ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ቀጣዩን ዶዝ የሚወስዱበት ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ከታቢው መጀመሪያ የሚጠይቅዎም እሱን ነው።